የማይበላሽ ዕቃ የቱ ነው? ባለ 180 ጋሎን የኮራል አኳሪየም ለሚያቋቁሙ ጠያቂ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዬ የሚኖሩት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ልጆቻቸው ኮሌጅ ገብተው ቤዝመንቱ ባዶውን ቀርቷል። ያደጉት አሰብ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ባሕር ገብተው፣ ኮራሉ መሐል የሚርመሰመሰውን ዓሣ ሲያዩ ይውሉ ነበር። አሁን ያንን ቤታቸው ማየት ይፈልጋሉ። 6 ጫማ ርዝመት ያለው፣ 180 ጋሎን የሚይዝ ያገለገለ ገንዳ አግኝተዋል። «ልጄ፣ አንድ ጊዜ ገንዘቤን ላውጣና የማይበላሽ ዕቃ ልግዛ። ሂተሩም፣ ፓምፑም፣ መብራቱም የቱ ብራንድ ነው አስተማማኙ? ከየትስ ልጀምር?» ይላሉ።

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን ሳነብ ደስ አለኝ። የሰው ቤትና የክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል አኳሪየም መንከባከብ ሥራዬ ነው። አብዛኛው ሰው የሚደውልልኝ ዓሣው ከሞተ በኋላ ነው። እርስዎ ግን ውኃ ሳይገባ ጠየቁ። ይህ ግማሽ ሥራ ነው።

እውነቱን ልንገርዎ፤ የማይበላሽ ዕቃ የለም። ውኃው ጨው ነው። ጨው ብረት ይበላል፣ ሶኬት ውስጥ ይገባል፣ ፓምፕ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጋገራል። ጀርመን ይሥራው ቻይና፣ ቀኑ ሲደርስ ይቆማል። ስለዚህ ለአንድ ዕቃ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሲበላሽ ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ ይቆማል ወይስ እንደበራ ይቀራል? ከቆመስ እኔ ለመድረስ ስንት ሰዓት አለኝ? ብራንድ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ከሂተሩ ልጀምር። ብዙ ሰው ከመብራቱ ይጀምራል፣ እኔ ግን ከየትኛውም ዕቃ በላይ ኮራል ሲገድል ያየሁት ሂተር ነው።

ሂተር ውስጥ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች። ውኃው ሲቀዘቅዝ ትገጥማለች፣ ሲሞቅ ትለያያለች። በቀን ስንትና ስንት ጊዜ እንዲህ ስትል ትውላለች። በገጠመች ቁጥር ትንሽ ብልጭታ አለ። ውሎ አድሮ ሁለቱ ጫፎች ተጣብቀው ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ሂተሩ አይጠፋም።

አንድ ጥር ወር ላይ በማለዳ ደንበኛ ደወለልኝ። ስደርስ መስታወቱ ላብ አጥምቆታል። እጄን ሳስገባ ውኃው የሕፃን ገላ መታጠቢያ ይመስላል። ቴርሞሜትሩ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ይላል። የኮራሎቹ ሥጋ እንደ ተቀቀለ ቲማቲም ልጣጭ እየተገፈፈ ይንሳፈፋል። ከሥሩ ነጩ አጽም ብቻ ቀርቷል። ከዓሣው አንድም አልተረፈም። ሰውዬው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አንገቱን ደፍቷል፤ ስድስት ዓመት ያሳደገው ነበር። ሂተሩ ርካሽ አልነበረም። ስም ያለው፣ ባለ 800 ዋት፣ አንድ ብቻውን።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የእርስዎ ገንዳ ከሥሩ ካቢኔው ውስጥ ከሚቀመጠው ታችኛው ገንዳ ጋር ወደ 700 ሊትር ውኃ ይኖረዋል። አንድ ባለ 600 ዋት ሂተር እንደበራ ቢቀር ያንን ውኃ በሰዓት ወደ 0.7 ዲግሪ ያሞቀዋል። እርስዎ ስምንት ሰዓት ተኝተው ሲነሱ ከ5 ዲግሪ በላይ ጨምሯል ማለት ነው። ኮራል ይህን አይችልም። በምትኩ ሁለት ባለ 300 ዋት ይግዙ። አንዱ እንደበራ ቢቀር ሙቀቱ የሚጨምረው ቀስ ብሎ ነው፤ ውኃውም ከላይ ሙቀት ስለሚያጣ ሳይቀቀል እርስዎ ይደርሱበታል። አንዱ ቢሞት ደግሞ ሌላው እስከ ጠዋት ያቆየዋል።

ሁለቱንም በቀጥታ ግድግዳ ላይ አይሰኩ። ኢንክበርድን የመሰለ ሙቀቱን ከውጭ የሚቆጣጠር ዕቃ ለየሂተሩ አንድ አንድ ይግዙና በእሱ በኩል ያሳልፏቸው። መቆጣጠሪያዎቹን 25.5 ዲግሪ (78 ፋረንሃይት) ላይ ያድርጓቸው። የሂተሮቹን የራሳቸውን ማስተካከያ ደግሞ አንድ ዲግሪ ከፍ አድርገው ይተዉት። አንዱ ቢስት ሌላው ይዘጋል። ሂተር ሲገዙ ቀኑን በማርከር ጽፈው ይለጥፉበት። ሁለት ዓመት ሲሞላው፣ ቢሠራም እንኳ ይጣሉት። በዚህ አይቆጥቡ።

አሁን ወደ ቤዝመንቱ። ኮንክሪት ወለል መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው። አንድ ጋሎን የባሕር ውኃ ወደ 8.5 ፓውንድ ይመዝናል። 180 ጋሎን 1,500 ፓውንድ አለፈ። መስታወቱ፣ ድንጋዩና መቆሚያው ሲጨመር ከ2,000 ፓውንድ ይበልጣል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው 12 ስኩዌር ጫማ ላይ ነው። የአሜሪካ ቤት የሳሎን ወለል በተለምዶ የሚሰላው ለአንድ ስኩዌር ጫማ 40 ፓውንድ እንዲችል ተደርጎ ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ ላስቀምጥ ቢሉኝ መጀመሪያ ኢንጂነር ይጥሩ እል ነበር። ቤዝመንት ላይ ግን የሚያስጨንቀው ደረጃው ነው። ገንዳውን ከመግዛትዎ በፊት የደረጃውን ስፋትና መታጠፊያውን በሜትር ይለኩ። ሰዎች ገንዳ ገዝተው በር ላይ ሲቀሩ አይቻለሁ። መቆሚያውን ደግሞ በውኃ ልክ ያስተካክሉ፤ በርዝመቱም በወርዱም።

ያገለገለ ገንዳ ጥሩ ነው፣ ግን ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ መዳብ ያለበት መድኃኒት ተጠቅመው ያውቃሉ? መዳብ የዓሣ በሽታ ያድናል፣ ኮራልና ቀንድ አውጣ ግን ይገድላል። ድንጋይና አሸዋው ውስጥም ተደብቆ ይቆያል። መልሱ አዎ ከሆነ ገንዳውን ብቻ ወስደው በደንብ ይጠቡት፤ ድንጋዩን አይውሰዱ። ከዚያ በቧንቧ ውኃ ሞልተው ለአንድ ሳምንት ያቆዩት። በየጥጉ፣ ሲሊኮኑ ሥር ደረቅ ናፕኪን ያንጥፉ። ናፕኪኑ ከረጠበ ይታወቃል።

ያ ሳምንት ለሌላ ነገርም ይጠቅማል። የጎርፍ ሙከራ የሚደረገው ያኔ ነው።

ትልቅ አኳሪየም ሁለት ገንዳ ነው። ከላይ የሚታየው አለ። ከሥሩ ካቢኔው ውስጥ ሳምፕ የሚባለው ታችኛው ገንዳ አለ፤ ሂተሩም፣ ስኪመሩም (ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣው ማጣሪያ)፣ ፓምፑም እዚያ ይቀመጣሉ። ውኃው በቱቦ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ፓምፑ መልሶ ያወጣዋል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ የላዩ ውኃ ግን ለጊዜው መውረዱን አያቆምም። የእርስዎ ገንዳ ላይ አንድ ኢንች ውኃ 7.5 ጋሎን ነው። ሁለት ኢንች ቢወርድ 15 ጋሎን ሳምፑ ውስጥ ቦታ ማግኘት አለበት። ካላገኘ ምንጣፉ ላይ ነው።

ስለዚህ በንጹሕ ውኃ ሞልተው ፓምፑን ያስነሡና ሶኬቱን ይንቀሉት። ሳምፑ እስከ የት እንደሚሞላ ቆመው ይዩ። መልሰው ይሰኩ፣ እንደገና ይንቀሉ። አሥር ጊዜ ያድርጉት። በመጨረሻ ሳምፑ በሚሠራበት ጊዜ ውኃው ማለፍ የሌለበትን ልክ በማርከር ያስምሩ። ውኃ የሚመልሰው ቱቦ አፉ ከውኃው በታች ጠልቆ ከሆነ፣ ፓምፑ ሲቆም ወደ ኋላ መሳብ ይጀምራል። አፉን ከውኃው ገጽ አንድ ኢንች ብቻ ዝቅ ያድርጉት። «ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ አለው» ብሎ የሚያጽናናዎትን አይመኑ። አንዲት የጥፍር ታህል ቀንድ አውጣ ቫልቩ አፍ ላይ ከተቀመጠች አይዘጋም።

ለሚወርደው ውኃ ሦስት ቱቦ እንዲኖር አጥብቄ እመክራለሁ፤ ቢንአኒማል ይሉታል። አንዱ ሙሉ ለሙሉ ውኃ ሞልቶ ያለ ድምፅ ይወርዳል። ሁለተኛው ትንሽ ትንሽ ያንጠባጥባል። ሦስተኛው ደረቅ ነው፤ ሌሎቹ ሲዘጉ ብቻ ይሠራል። ሲሞክሩት በእጅዎ የመጀመሪያውን አፍ ይድፈኑ። ሁለተኛው ወዲያው እየጮኸ መውሰድ አለበት። ያ ጩኸት ማንቂያዎ ነው። አንድ ቀን ከላይ ሆነው ከሰሙት፣ ቱቦው ውስጥ የሆነ ነገር ገብቷል ማለት ነው።

ውኃ መላሹ ፓምፕ በሰዓት ከ600 እስከ 900 ጋሎን ቢያወጣ ይበቃል። ይህ ከፍታውን ከወጣ በኋላ የሚቀረው ነው፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከፍታ የለውም። ኤሃይምና ሲቼ ለዓመታት ሲሠሩ አይቻለሁ። ፍጥነታቸው የሚስተካከል ዘመናዊ ፓምፖች ድምፅ የላቸውም፣ ኤሌክትሪክም ይቆጥባሉ። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ግን ፓምፑ ሳይሆን መቆጣጠሪያ ሣጥኑ ነው። የትኛውንም ይግዙ፣ አንድ መጠባበቂያ መደርደሪያ ላይ ይኑርዎት። በየሦስት ወሩ ፈትተው ግማሽ በግማሽ ውኃና አቼቶ ውስጥ ይዘፍዝፉት። የተጋገረው ኖራ ሲፋቅ ያያሉ። ፓምፕ የሚገድለው ያ ነው።

ኮራሉ ዘንድ ማዕበል የሚፈጥሩት ፓምፖች ሌላ ናቸው። ለእርስዎ ገንዳ በድምሩ በሰዓት ከ4,000 እስከ 6,000 ጋሎን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ወይም ሦስት ይግዙ፤ አንድ ግዙፍ አይሁን። እኔ የምወደው የኢኮቴክ ቮርቴክን ነው፤ ሞተሩ ከመስታወቱ ውጭ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ውኃ ውስጥ አይገባም። ባትሪም ይቀበላል። ይህ ባትሪ ለምን እንደሚያስፈልግ የቆየ ነዋሪ ከሆኑ ያውቁታል።

እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 ሌሊት ዴሬቾ የተባለው ኃይለኛ ነፋስ ይህን አካባቢ መታ። ከሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጡ፤ አንዳንዱ ሰፈር ለቀናት ጨለማ ውስጥ ቆየ። የበጋ ሙቀቱም ከባድ ነበር። እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው የሚጨነቀው ለብርሃኑ ነው። ኮራል ግን ሁለት ሦስት ቀን ያለ ብርሃን ይቆያል። መጀመሪያ የሚያልቀው ኦክሲጅን ነው። ውኃው ካልተንቀሳቀሰ ዓሣው በሰዓታት ውስጥ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን መክፈት ይጀምራል። የባትሪ አየር ፓምፕ ዋጋው ትንሽ ነው። ሁለት ይግዙ፣ ባትሪያቸውን በየስድስት ወሩ ይቀይሩ፣ ካቢኔው ውስጥ ያስቀምጡ።

ስለ ኤሌክትሪክ ካነሣን፣ ሁሉንም በአንድ ብሬከር ላይ አያድርጉ። ባለ 15 አምፕ መስመር ሳይቋረጥ ሊሸከም የሚገባው 1,440 ዋት ያህል ነው። ሂተር፣ መብራትና ፓምፕ ሲደመሩ ይጠጋዋል። ኤሌክትሪሺያን አምጥተው ሁለት መስመር ያስገቡ፤ ሁለቱም ጂኤፍሲአይ (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያቋርጥ መከላከያ) ያለባቸው ይሁኑ። አንዱ ሂተርና አንዱ ማዕበል ፓምፕ በአንድ መስመር፣ ሌሎቹ በሌላው። አንዱ ቢወድቅ ግማሹ ሥራ ላይ ነው። እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ሰርጎ ይውጣ። ገመዱን ይዞ የሚመጣ ጠብታ ወለል ላይ ይወድቃል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

ቀጥሎ የሚተን ውኃ አለ። በቀን አንድም ሁለትም ጋሎን ሊሆን ይችላል። የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፣ ጨው ይቀራል። ስለዚህ የሚሞላው በንጹሕ ውኃ ነው፤ ይህን በራሱ የሚያደርግ መሣሪያ አለ። ብልሽቱ እንደ ሂተሩ ነው፤ መሙላቱን አያቆምም። ቀንድ አውጣ የውኃ ልክ ማንበቢያው ላይ ወጥታ ተኝታ፣ መሣሪያው ውኃ የጎደለ መስሎት ሌሊቱን ሲሞላ ያደረበት ቤት ገብቻለሁ። የቱንዘ ኦስሞሌተር ጥሩ ነው፤ ሁለት ማንበቢያ አለው፣ ፓምፑም ከ10 ደቂቃ በላይ ከሠራ ራሱን ይዘጋል። ዋናው መከላከያ ግን ነፃ ነው። የንጹሕ ውኃ ማጠራቀሚያውን ከ10 ጋሎን አያሳልፉት። ሁሉም ቢገባ ጨዋማነቱ (የሚቆጠረው ከሺህ ነው) ከ35 ወደ 33 ዝቅ ይላል። ኮራሉ ይከፋዋል እንጂ አይሞትም። 50 ጋሎን ያጠራቀመ ሰው ግን ሌላ ታሪክ ነው የሚነግርዎት።

ውኃው ራሱ። የእናንተ አካባቢ የቧንቧ ውኃ የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ በየጸደዩ ለጥቂት ሳምንት ወደ ክሎሪን ይቀይሩታል። ክሎራሚን እንደ ክሎሪን ባልዲ ውስጥ ቢያድር ወጥቶ አይሄድም። ለክሎራሚን የተሠራ ካርበን ያለው አርኦ ዲአይ የሚባለውን፣ ውኃው ውስጥ የሟሟውን ሁሉ የሚያስቀር ማጣሪያ ይግዙ። የሚወጣው ውኃ በቲዲኤስ (የሟሟ ነገር) መለኪያ ዜሮ ማንበብ አለበት። አንድ ሁለት ማለት ሲጀምር የማጣሪያውን የመጨረሻ ክፍል ሙጫ (ሬዚን) ይቀይሩ።

ጨዋማነቱን 35 ላይ ያድርጉ። ቀይ ባሕር ከሌላው ባሕር ይበልጥ ጨዋማ ነው፤ ወደ ሰሜን ሲሄዱ 40 ይደርሳል። እሱን ለመምሰል አይሞክሩ፤ ሱቅ የሚያገኙት አብዛኛው ኮራል የሚመጣው ከሌላ ባሕር ወይም ከእርባታ ነው። ሪፍራክቶሜትሩን (የጨዋማነት መለኪያውን) የሚያስተካክሉት ለ35 በተሠራው ማስተካከያ ፈሳሽ ይሁን፤ በንጹሕ ውኃ ካስተካከሉት ሊዋሽዎት ይችላል።

መብራትና ስኪመር ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሲበላሹ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ይቆማሉ፣ ቀናት አለዎት። 6 ጫማ ለሚሆን ገንዳ ሦስት ኤልኢዲ መብራት ይስቀሉ፤ ሲጀምሩ በዝቅተኛ ኃይል፣ ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት ይጨምሩ። ስኪመሩ ከገንዳው ልክ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ይሁን። ሪፍ ኦክቶፐስ መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል። ያገለገለ ስኪመር መግዛትም አያስፈራም፤ ፕላስቲክ ነው፣ ይታጠባል። ስልክዎ ላይ የሚደውል እንደ ኔፕቱን ኤፔክስ ያለ መቆጣጠሪያም ጥሩ ነው፣ ግን ገንዘቡ ካጠረ በሁለተኛው ዓመት ይምጣ። በመጀመሪያው ዓመት የሙቀትና የጎርፍ ማንቂያ ይበቃል።

ዕቃው ተገጥሞ፣ ጨው ውኃው ገብቶ፣ ድንጋዩ ከተደረደረ በኋላ ገንዳው ባዶ ይመስላል። አይደለም። ባክቴሪያው እየተራባ ነው። ትንሽ አሞኒያ ይጨምሩበት። አሞኒያው ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሳይሉ ዓሣ አይግባ። ከዚያ ቡናማ አፈር የመሰለ ነገር ሁሉን ይሸፍናል። አይደንግጡ፤ ብዙ አዲስ ገንዳ ያልፍበታል።

የመጀመሪያ ኮራሎችዎ ለስላሳዎቹ ይሁኑ። በአካባቢው ዋማስ የሚባል የባሕር አኳሪየም ወዳጆች ማኅበር አለ። ከባሕር የተነቀለ ከመግዛት፣ ሰው ቤት ያደገ ቁራጭ ቢወስዱ ይሻላል፤ የገንዳ ኑሮ ለምዷል። ጠንካራዎቹ ኮራሎች አጽማቸውን የሚሠሩት ከካልሲየምና ከአልካላይኒቲ (ውኃው ውስጥ ከሟሟው ካርቦኔት) ስለሆነ በሳምንት ሁለቴ ይለኩ። አልካላይኒቲ በዲኬኤች ከ8 እስከ 9፣ ካልሲየም በፒፒኤም 420 አካባቢ፣ ማግኒዚየም 1,300 አካባቢ፤ ዲኬኤችና ፒፒኤም መለኪያው ላይ የሚያዩት አሃድ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ አለመዋዠቁ ይበልጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዞአንቲድ የሚባሉ፣ ትናንሽ አበባ የሚመስሉ ኮራሎች አሉ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። የተለጠፉበትን ድንጋይ በፍጹም አይቀቅሉ፣ በፈላ ውኃም አያጥቡ፤ እንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል ያስገባል። ሲነኩ ጓንት፣ ሲቆርጡ መነጽርም ያድርጉ።

ዓሣ ከገዙ በቀጥታ አይጨምሩት። በሌላ ትንሽ ገንዳ አንድ ወር ያህል ያቆዩት። ነጭ ነጥብ የሚያወጣው ተባይ ዋናው ገንዳ ከገባ ብዙ ባለሙያ የሚመክረው ዓሣውን በሙሉ አውጥቶ ገንዳውን 76 ቀን ያለ ዓሣ ማቆየት ነው። ትንሿ ገንዳ ከዚህ ሁሉ ታድንዎታለች።

የአሰቡን ዓሣ በተመለከተ፣ ሰውነቱ ሐምራዊ፣ ጅራቱ ቢጫ የሆነውን እርግጠኛ ነኝ ያስታውሱታል። እዚህ ፐርፕል ታንግ ይሉታል፤ የቀይ ባሕር ልጅ ነው። 6 ጫማ ገንዳ ይበቃዋል። ግን መጨረሻ ላይ ይግባ። ቀድሞ ከገባ ቦታውን ሁሉ የራሱ ያደርግና በኋላ የሚመጣውን ያሳድዳል። መጀመሪያ ሁለት ክላውንፊሽ፣ ከዚያ ሌሎቹ በየወሩ አንድ አንድ እያሉ፣ እሱ በዓመቱ መጨረሻ። የደረጃውን ልክ ሲወስዱ ቁጥሩን ይጻፉልኝ፤ ገንዳው ይለፍ አይለፍ አብረን እናያለን።